ቃሉ በአደባባይ፣ ዋጋው በጨርቅ ሥር

የሶማሊላንድ ዋና ከተማ የሐርጌሳ የእንስሳት ገበያ በሶማልኛ ሰይለድ ይባላል። በሰይለድ የሚሸጥ ግመል ወይም በግ አንገቱ ላይ ዋጋ አይንጠለጠልበትም፤ ስለ እርሱ የሚናገር ወረቀትም የለም። ከመስክ የመጣው አርብቶ አደር እንስሳውን ይዞ ይቆማል፤ ላኪው ነጋዴ ወይም የሥጋ ሻጩ እየዞረ ያያል፤ በመካከላቸው ዲላል የሚባለው ሰው ይገባል። የግመሏን ዕድሜ፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ ከየትኛው መስክ እንደመጣች፣ የማን ንብረት እንደሆነች የሚናገረው እርሱ ነው፤ የሚናገረውም የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ነገሩ ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ድምፅ ይጠፋል። ሁለት እጆች ከትከሻ በወረደ ጨርቅ ሥር ይገናኛሉ፣ ጣት ጣትን ይጨብጣል፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ስንት እንደተጠየቀና ስንት እንደተሰጠ አያውቅም።

ሐራጅ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በሐራጅ ዋጋው በአደባባይ ይጠራል፤ ስለ ዕቃው ግን ተጫራቹ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ የነገረውን ያህል ነው። የኢንተርኔት ሐራጅ ይህን ልዩነት እስከ ጫፉ ወስዶታል። ገዢው ዕቃውን ሳይነካ፣ ሻጩንም ሳያይ፣ በጥቂት መስመር ጽሑፍና በፎቶ ብቻ ተማምኖ ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ የሚሸጥን ነገር በቃል የመግለጽ ጥበብ ከየት ተነሥቶ እንዴት እዚህ ደረሰ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሐርጌሳ ጥሩ መነሻ ናት፤ በዚያ ገለጻ ከጥንት ጀምሮ ተናጋሪውን በዋስነት የሚያስይዝ ቃል ሆኖ ኖሯልና።

ቃላቱ ራሳቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። የሶማልኛው ዲላል የአማርኛው ደላላ ነው፤ ሶማልኛ ሐራሽ የሚለው የጨረታ ሽያጭም የአማርኛው ሐራጅ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ቃላቱን የተዋሱት ከዐረብኛ ሲሆን፣ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ የመጣ የንግድ ልማድ ስሙን ይዞ እንደመጣ ይመሰክራሉ።

የልማዱ ጥንታዊ መድረክ ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የበርበራ ወደብ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርበራ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ከተማ አልነበረችም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ፣ ነፋሱ ለመርከብ ሲመች፣ ከሐረርና ሐውድ ከሚባለው የግጦሽ ምድር የሚወርዱ ቅፍለቶች ከብት፣ ቅቤ፣ ሙጫ፣ ዕጣን፣ የሰጎን ላባና የዝሆን ጥርስ ይዘው ይሰፍሩባታል፤ የበጋው ሐሩር ሲገባ ሕዝቡ ይበተናል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ከያዙ በኋላ የጦር ሰፈራቸው ሥጋ የሚያገኘው በዋናነት ከዚህ የባሕር ዳርቻ ነበር። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረርን አይቶ ወደ በርበራ ሲመለስ ገበያውን ተመልክቶ ጽፎለታል። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ አባን የሚባለው ሰው ነው። ከሕንድ ወይም ከዐረብ አገር የመጣ ነጋዴ ያለ አባን በርበራ ላይ ሊነግድ አይችልም ነበር። አባኑ ያሳድረዋል፣ ከጥቃት ይጠብቀዋል፣ ያስተረጉምለታል፣ በየሽያጩም ድርሻውን ይወስዳል። እንግዳው የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቅ፣ ስለሚገዛው ከብት የሚሰማው ገለጻ ሁሉ በአባኑ አፍ ያለፈ ነው። አባኑ ቢያታልለው ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለውም። አባኑም በበኩሉ እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢጎዳ ስሙም ጎሣውም ይነካበታል። መጠበቅና መግለጽ በአንድ ሰው እጅ መጣመራቸው ኋላ ለሐርጌሳ ደላላ የተረፈ ውርስ ነው።

ሐርጌሳ ራሷ የተቆረቆረችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ የቃዲሪያ የሱፊ መንገድ ተከታይ የሆኑት ሼክ መደር በመሠረቱት የሃይማኖት ሰፈር ዙሪያ ነው። ቦታው ውሃ ያለበት የወንዝ ዳር ነው፤ ከሐውድ የግጦሽ ምድር ወደ በርበራ የሚወርደው ቅፍለትም ያርፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች የሶማሌ ግዛታቸውን ዋና ከተማ ከበርበራ ወደዚያ አዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 እንግሊዝ ከኢትዮጵያ ጋር ባደረገችው ስምምነት ሐውድ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ሲመለስ በከተማዋ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ የግጦሹ ነገር የገበያውም ነገር ነበርና። ድንበሩ በካርታ ላይ ቢሰመርም ከብቱ መንገዱን አልለወጠም። ዛሬም በሐርጌሳ ከሚሸጠው እንስሳ ብዙው የሚመጣው ከሶማሌ ክልል፣ በሐርሺንና በቶጎ ውጫሌ በኩል ነው። በዚህ ምክንያት ገበያው ሁልጊዜ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚገናኙበት ሆኗል። ሻጩ እንስሳው በባሕር የሚላክባትን ጅዳን አያውቅም፤ የጅዳው ገዢ ሐውድን አይቶ አያውቅም።

በሁለቱ መካከል ድልድይ የሆነው ቋንቋ እጅግ የበለጸገ ነው። በሶማልኛ ጌል ብሎ ግመልን በጅምላ መጥራት ይቻላል፤ ለመሸጥ ግን አይበቃም። ሴቷ ሀል ናት፤ ዕቃ የሚጫንበት የተኮላሸ ወንድ አውር ነው፤ ለዘር የተተወው ኮርማ ባርቀብ ይባላል፤ አዲስ የተወለደው ኒሪግ ነው፤ ከፍ ያለው ጎረምሳ ቃሊን ነው። ወተት የምትሰጠው ኢርማን ትባላለች፤ የከበደችው ሪማይ ናት። የኢትዮጵያ ደጋ ገበያተኛ ጊደር፣ ሰንጋ፣ ሙክት፣ ጠቦት፣ ወጠጤ እያለ በአንድ ቃል ጾታውን፣ ዕድሜውንና ጥቅሙን ጠቅልሎ እንደሚናገረው ሁሉ፣ የሐርጌሳው ዲላልም ሀል ኢርማን ሲል ሌላ ሰው በሦስት መስመር የሚጽፈውን ጨርሶታል። ቃሉ ደግሞ የሚመዘን ነው። ኢርማን ከተባለች ትታለባለች፤ ካልታለበች ተናጋሪው ውሸታም ነው።

እንስሳን በውበት መግለጽ ለሶማሌ ባለቅኔዎች የክብር ሥራ ነበር። እንግሊዞችን የተዋጉት የደርቪሾች መሪ ሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ሒን ፊኒን ስለሚባለው ፈረሳቸው የገጠሙት ግጥም እስከ ዛሬ ይታወቃል። ባለቅኔው ግን የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ቢያጋንን ማንም አይከሰውም። ደላላው የባለቅኔውን ቃላት ሁሉ ያውቃል፤ በሰይለድ ሲቆም ግን ከእነዚያ ቃላት ሊጠየቅባቸው የሚችለውን ብቻ መምረጥ ይኖርበታል። ይህ ምርጫ ከዚህ ሙያ ችሎታ ሁሉ የሚልቀው ነው ማለት ይቻላል። ውዳሴ ገዢን ያስደስታል እንጂ ስለሚገዛው ነገር አይነግረውም፤ በገለጻ ላይ የተጻፉ የዛሬ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱትም ይህን ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ የተካሄደው ያለ ጽሕፈት ነው። ሶማልኛ ይፋዊ ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ዑስማኒያ የተባለው ፊደል ነበር፤ ከሐርጌሳ ብዙም በማትርቀው ቦረማም ሼክ ዐብዱረሕማን ሼክ ኑር እ.ኤ.አ. በ1933 ሌላ ፊደል ፈጥረው ነበር፤ ሁለቱም ግን በጥቂት ሰዎች ዘንድ ተወስነው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው የሐርጌሳ ራዲዮም ያሰፋው ድምፅን እንጂ ጽሕፈትን አይደለም። የላቲን ፊደል ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ1974 የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ገጠር ሲደርስ አርብቶ አደሩ ማንበብ ጀመረ። የሰይለድ ሥራ ግን ወደ ወረቀት አልዞረም። ምክንያቱ መሃይምነት አልነበረም፤ ወረቀት ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ገበያው ከሰው ያገኝ ስለነበር ነው።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። ሶማሌዎች የሚከተሉት የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት፣ የሻፊዒ መዝሀብ፣ በሽያጭ ላይ ሰፊ ሕግ አለው፤ ከፊሉም ስለ ገለጻ ነው። የዕቃውን ነውር የሚያውቅ ሻጭ ሊናገር ይገባዋል፤ ደብቆ ከተገኘ ገዢው ዕቃውን መመለስ ይችላል። የሕጉ መነሻ ከሆኑት ሐዲሶች አንዱ ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን ይተርካል። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ሲል፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ገሥጸውታል። ክምሩ ራሱ ገለጻ ነው፤ ከላይ የተደረገው ደረቅ እህል ያለ ቃል የተነገረ ውሸት ሆኗል። የዛሬ ሻጭ የዕቃውን የተሰበረ ጎን ከካሜራ ሲያዞር የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ለአርብቶ አደር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የግት ነገር ነው። በግን ወይም ግመልን ለገበያ ከመውሰድ በፊት ለአንድ ሁለት ቀን ሳያልቡ ማቆየት ግቷን ያሳብጣል፤ ገዢውም ብዙ የምታልብ መስሎት ዋጋ ይጨምራል። ሕጉ ይህን ይከለክላል፤ የተታለለው ገዢ በሦስት ቀን ውስጥ እንስሳዋን መመለስ ይችላል፣ ስላለባት ወተትም ሷዕ በሚባለው መስፈሪያ አንድ ስፍር ቴምር ይከፍላል። የሦስቱ ቀን ጉዳይ በጥንቃቄ የታሰበ ነው፤ ሐሰቱ የሚገለጠው እንስሳዋ ደጋግማ ስትታለብ ነውና። ግት በዚህ ምድር ምን ያህል ጥንታዊ የዋጋ ምልክት እንደሆነ ከሐርጌሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የላስ ጌል ዋሻ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ለዓለም ያስተዋወቋቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያሏቸው ሥዕሎች፣ ላሞቹን አንገታቸውን አስጊጠው፣ ግታቸውን ጎላ አድርገው ይሥላሉ።

ሐራጅም በዚሁ ሕግ ውስጥ ቦታ አለው። አንድ ድሃ ሰው ያለውን ጨርቅና መጠጫ ነቢዩ በጨረታ ሸጠው በሁለት ዲርሃም ያስወጡለት ታሪክ፣ ዋጋ እያስጨመሩ መሸጥ የተፈቀደ ለመሆኑ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ናጅሽ የሚባለው ግን የተከለከለ ነው፤ ናጅሽ ሊገዛ ሳያስብ ሌላውን ለማስወደድ ብቻ ዋጋ የሚጨምር ሰው ሥራ ነው። የኢንተርኔት ሐራጅ ድርጅቶች ሻጩ በሌላ ስም ገብቶ የራሱን ዕቃ እንዳይጫረት የሚከለክሉት ይህንኑ ተንኮል ነው።

የገለጻውን ቅደም ተከተል ያጸናው ደግሞ የመሥዋዕት ሕግ ነው። ከበርበራ የሚጫነው በግና ፍየል ዋና ገበያው የሐጅ ወቅት ነው፤ ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳም፣ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር፣ ነውር የሌለበት መሆን አለበት። አንድ ዓይኑ በግልጽ የጠፋ፣ ሕመሙ በግልጽ የሚታይ፣ አንካሳነቱ በግልጽ የሚታይ፣ ከመክሳቱ የተነሣ አጥንቱ መቅኔ ያጣ አይታረድም። ዕድሜም ተወስኗል፤ ግመል አምስት ዓመት፣ ላም ሁለት ዓመት መሙላት አለባቸው። ስለዚህ ደላላው አስቀድሞ ዓይንን፣ እግርን፣ ሥጋን፣ ጥርስን ይናገራል። ገዢው የእንስሳውን ከንፈር ገልጦ የወተት ጥርሱን የነቀለ መሆኑን ያያል፤ ወገቡንና የጭራውን ሥር በእጁ ይጨብጣል፤ ያስኬደዋል። ሚዛን የለም። ቃልና እጅ ይተያያሉ።

ከነውሩ ሌላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እንስሳው የማን ነው? ግመሎች ሱመድ የሚባል የጎሣ ምልክት በብረት ይተኮሳሉ፤ ምልክቱን የሚያነብ ሰው ግመሉ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ያውቃል። ሻጩ የዚያ ወገን ካልሆነ ማስረዳት አለበት። ለዚህ የሚቆመው ዲላል ነው፤ ሻጩን አውቀዋለሁ፣ ከብቱም የተሰረቀ አይደለም ሲል ለቃሉ ዋስ ሆኗል። ኋላ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ በሶማሌ ባህላዊ ሕግ በሔር መሠረት ደግሞ የአንድ ሰው ዕዳ ካሣ አብረው ለሚከፍሉት ዘመዶቹ ሁሉ ይተርፋል። የደላላው ገለጻ ክብደት የሚያገኘው ከጀርባው በቆሙት ሰዎች ነው። ስሙ አንዴ ከጠፋ ሥራው ያልቃል።

በጨርቅ ሥር የሚደረገው የእጅ ንግግርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የሚጨበጡት ጣቶች ቁጥር ዋጋውን ይናገራሉ፤ አንዱ ጣት አሥር ይሁን መቶ እንስሳውን ያየ ነጋዴ ያውቀዋል። ዋጋው ስለሚሰወር ደላላው ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየሄደ ያለ እፍረት መጠየቅ ይችላል፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሸጠ ድሃም በጎረቤቱ ፊት አይዋረድም። ሕዝቡ እንዲያየው ክፍት የሆነው ገለጻው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምስክር የሚበዛበትም እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የሳዑዲ ዐረቢያ የነዳጅ ሀብት ፍላጎቱን አብዝቶ ገበያውን ለወጠው። ብዛት ሲመጣ ደረጃ መጣ፤ ነጋዴዎች በጎችን በዕድሜ፣ በክብደት ግምት፣ በውፍረትና በሚላኩበት አገር እየለዩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይሏቸው ጀመር። ነጭ ገላና ጥቁር ራስ ያለው የበርበራ በግ ለባሕር ማዶ ገዢ በመልኩ ብቻ የሚታወቅ ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲያወድም ገበያውም ፈረሰ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ በሐርተ ሼክና በሌሎች መጠለያዎች ተጠለለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶማሊላንድ ከሶማሊያ ተለይታ ነፃነቷን ስታውጅ ተመላሹ ያገኘው ፍርስራሽ ነበር። ባንክ፣ መዝገብና ፍርድ ቤት ከመደራጀታቸው አስቀድሞ የከብት ንግዱ የቀጠለው በደላሎች ቃል ላይ ቆሞ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፒተር ሊትል በደቡብ፣ በሶማሊያና በኬንያ ድንበር ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ይህንኑ ዓይነት ንግድ ነው፤ መንግሥት በሌለበት ከብቱ ያልተሰረቀ መሆኑን የሚያረጋግጠው ደላላው ነበር።

ቃል ብቻውን ያልበቃበት ጊዜ የመጣው ከበሽታ ጋር ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በምሥራቅ አፍሪካ ከተነሣ በኋላ ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከአካባቢው ከብት ማስገባትን አገደች፤ እገዳው ተነሥቶ በ2000 እንደገና ተጣለና እስከ 2009 ቆየ። ቫይረስ በጥርስም በእግርም አይታይም፤ ማንም ደላላ የበጉን ደም አይቶ ሊምል አይችልም። በበርበራ የለይቶ ማቆያ ጣቢያ ተሠርቶ የደም ምርመራ፣ ክትባት፣ የጆሮ ቁጥርና የጤና ወረቀት ሲጀመር፣ የተጻፈ ገለጻ በዚህ ንግድ ታሪክ ከተነገረው በላይ የተፈለገበት ጊዜ ሆነ። ውጤቱም ታይቷል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶማሊላንድን ጨምሮ ከሶማሌ ወደቦች 4.6 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 340,000 የቀንድ ከብትና 77,000 ግመል ወደ ውጭ ተልኳል። ወረቀቱ ግን የጤናን ነገር ብቻ ነው የወሰደው፤ ዕድሜውን፣ ጠባዩንና ባለቤቱን መናገር ለዲላል ቀርቷል።

በዚህ መሀል በሌላው ዓለም ስለ ገለጻ አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ ገዢው የአሮጌ መኪናን ነውር የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚሰጥ የጥሩ መኪና ባለቤት ከገበያ እንደሚወጣ አስረዳ። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ኋላ ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ሐራጅ ሲከፍት መጀመሪያ ከሸጣቸው ነገሮች አንዱ የተበላሸ የሌዘር ብርሃን መጠቆሚያ ነበር፤ መበላሸቱን ተናግሮ በ14.83 ዶላር ሸጠው፣ ገዢውም የተበላሹትን የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ተገኘ። ነውሩን መናገሩ ዕቃውን ከሚፈልገው ሰው ጋር አገናኘው። በዓመቱ ገዢዎች ስለ ሻጩ ምስክርነት የሚሰጡበት ሥርዓት ተጨመረ። የሰይለድ ሰው ሥርዓቱን ቢያየው ዓላማው አይጠፋውም፤ ማንም የማያውቀው ሻጭ ዋስ ተፈልጎለታል።

በሐርጌሳ ገንዘብ ወደ ስልክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም ዛድ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሶማሊላንድ ሽልንግ ዋጋው ወድቆ በጆንያ ይሸከሙት ስለነበር፣ በዛድ መክፈል ከግመል ነጋዴ እስከ ሻይ ሻጭ ድረስ በፍጥነት ተለመደ። ዘመናዊ ስልክ ሲስፋፋ ደግሞ ግመል፣ መኪና፣ መሬትና ቤት በፌስቡክና በዋትስአፕ መቅረብ ጀመረ። እዚያም ቢሆን ገለጻው የድሮውን መንገድ ይከተላል። እንስሳዋ ቆማ የተነሣችው ፎቶ ስለ እግሯ ስለማይናገር በቪዲዮ ስትሄድ ትታያለች፤ ጥርሷና ግቷ በቅርብ ይነሣሉ፤ ዕድሜዋና የመጣችበት መስክ ይጠቀሳሉ። ብዙ ሻጮች ከመጻፍ ይልቅ በድምፅ መልእክት መናገርን ይመርጣሉ፤ የታወቀ ድምፅ ማንነትን ይነግራልና። ደካማው ገለጻ በጣም ቆንጆ፣ ርካሽ፣ ፍጠኑ የሚል ነው፤ ከእነዚህ ቃላት አንዱም ነገ ሊጠየቅበት አይችልም። ካርዲፍ ወይም ለንደን ተቀምጦ ለዒድ በግ የሚያስገዛ የሐርጌሳ ተወላጅ ቪዲዮውን ካየ በኋላ ዘመዱን ወይም የሚያውቀውን ዲላል ወደ ሰይለድ ይልካል። የተላከው ሰው የበጉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን ይጨብጣል፣ እጁን በጨርቅ ሥር ያስገባል፤ ገንዘቡ በዛድ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።